ሦስት ሌሊት ያደረ ችካል

ፒክአፑ ከጎንደር ደባርቅ መንገድ ተገንጥሎ የሳር ውሃ መንደርን ዳገት እያቃሰተ ሲያያዘው፣ በጨለማ ወርዶ ዋናው መንገድ ላይ የተሳፈረው ይታያል ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆሟል። ቀይና ነጭ የተቀባውን የመለኪያ ዘንግ እንደ ጦር አቁሞ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ቁልቁል የሚያየውን መንገደኛ ሁሉ በዓይኑ ይሾማል ይሽራል። ዘንግ ያዥ ሆኖ ከተቀጠረ ገና አርባ ቀኑ ነው፤ አያያዙን ላየ ግን ከሰባት ቤት ጀምሮ ዘንግ ሲይዝ የኖረ ዘር ነው የሚመስለው።

ከስድስተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። ለምን እንደወጣ ለጠየቀው ሁሉ ሌላ ሌላ ይነግራል። ለአንዱ፣ መምህሩ በዕውቀት ስለበለጣቸው አልቅሰው አስወጡት። ለሌላው፣ ጭላዳ ደብተሩን ቀምቶት ገደል ገባ፤ እስከ ዛሬም ልጆቹን ያስተምርበታል። የሳር ውሃ ሰው ይወደዋል፤ አያምነውም እንጂ። ይታያል «ዝናብ መጣ» ካለ፣ ራሱን በውሃ የሚደበደበው ሰው እንኳ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል።

ቀኑ ቅዳሜ፣ የካቲት ሃያ አንድ፣ ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ስድስተኛ ቀኑ። ገብሱ ታጭዶ፣ ተወቅቶ አልቋል፤ ማሳው ሁሉ ገላጣ ነው። መኪናው ከመንደሩ ጉብታ ሥር ቆመና አዲሱን መንገድ የሚቀይሰው ኢንጂነር ደርበው ወረደ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ስኳሩን በጥርጣሬ የሚያማስል ሰው ነው። ባለ ሦስት እግሩን መነጽር ተከለና ዓይኑን አስጠጋ። አየ። ቀና ብሎ መስታወቱን በመሐረብ ጠረገ። እንደገና አየ።

«ይታያል፣ ና እስቲ።»

ይታያል ጎንበስ ብሎ በመነጽሩ አየና ጋቢው ከትከሻው ወረደ።

ረቡዕ ዕለት እሱና ኢንጂነሩ ከጉብታው እስከ ወንዙ መሻገሪያ ዐሥራ ስድስት ችካል ተክለው ነበር። ራሳቸው ቀይ የተቀባ፣ ቁመታቸው እስከ ወገብ የሚደርስ፣ እንደ ሸማኔ ድር ቀጥ ብለው የተሰለፉ። ዛሬ ያ ድር የለም። ዛሬ ያለው፣ ከጠላ ቤት ወጥቶ ቤቱ የጠፋበት ሰው ዱካ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ ሄዷል፣ ሌላው ከተከታዩ ጋር የተጣላ ይመስል ራቅ ብሎ ቆሟል፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ከአያ ገዱ ቅጥር በር ላይ እንደ ዘበኛ ተገትሯል።

ያቺን የገዱን በር ችካል ይታያል ያውቃታል። ዘጠነኛዋ ናት። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነቅሎ የተከላት ራሱ ነው፤ ገዱ ጧት ሲወጣ ደንግጦ ጃንጥላውን ሲጥል ለማየት። ለሳቅ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም፤ አርብ መልሶ ሊያቆማት አስቦም ነበር፣ ዘነጋት። ግን እሱ የነካው አንዲት ነች። በሆዱ ቆጠረ። ከግጦሹ ላይ ያሉት አራቱ ብቻ ናቸው ከቦታቸው ያሉት። ዐሥራ ሁለቱ ሄደዋል። «ችካል ይወልዳል እንዴ?» አለ ለራሱ።

«የት የት እንደተከልናቸው የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን» አለ ደርበው፣ መነጽሩን ሳይሆን እሱን እያየ። «እኔ ደባርቅ ነው ያደርኩት።»

«እኔም ቤቴ ነው ያደርሁት፣ ኢንጂነር።»

«ስማ። ካርታው ሰኞ ወደ ቢሮ ይሄዳል። ሁለት መስመር ነው ያለኝ። ወይ አዲሱ መንገድ በሳር ውሃ ቆርጦ ያልፋል፣ ወይ ድሮ ጣሊያን የሠራውን ጥምዝ መንገድ እናሰፋና እናንተ እንደነበራችሁ ትቀራላችሁ። ችካል የሚነቅል አገር ነገ ዶዘር ሲመጣ ሰንሰለቱ ሥር ይተኛል። እስከ ማታ ማን እንደነቀለው ካልታወቀ ጥምዙን ነው የምልከው። አንተንም ሥራው ላይ አላስቀርህም።»

ሥራው አልነበረም ይታያልን ያስደነገጠው። የሺወርቅ ነች። ሚስቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ካቻምና በነሐሴ ምጥ ሲይዛት በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጥተዋል፤ ከሳር ውሃ እስከ ዋናው መንገድ በጭቃው ሁለት ሰዓት ተኩል። ልጁ ዳገቱ መሐል ተወለደ፤ አልተነፈሰም። የዘንድሮውም የሚመጣው በግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው። አስፋልቱ እስከዚያ አይደርስም፤ ግን ኢንጂነሩ እንዳለው መስመሩ ከጸደቀ ዶዘሩ ከፋሲካ በኋላ ጠርጎ ጠጠር ያፈስበታል። ጠጠር ላይ መኪና ይወጣል። ይታያል በዕድሜው አንድ ነገር የምሩን የተመኘው ይህን ነው፤ በአንዲት ቀልድ ሊያጣው ነው።

ዘንጉን ጣለና ወደ ግራዝማች ሃብተ ጊዮርጊስ ቤት ሮጠ።

ግራዝማች ሹመታቸውን ከንጉሡ ዘመን ይዘው የቀሩ፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ ናቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ዳባት ስብሰባ ላይ ስለነበረ የአገሩ ዳኛ እሳቸው ሆኑ። ነገሩን ሰምተው አልተቆጡም። ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱና «አውጫጭኝ ይሁን» አሉ። «ከተደረገ ሃያ ዓመት አልፎታል። ሕጉን ግን አልረሳሁትም። ጡሩምባውን ንፉ።»

የዕድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ለልቅሶ ወጣ።

«ማን ሞተ?» ይላል አንዱ።

«ችካል» ይለዋል ሌላው።

«የማን ልጅ ነው?»

እንዲህ እየተባባለ የኪዳነ ምሕረት ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ አጥፊው እስኪወጣ ማንም ሜዳውን አይለቅም፣ ማንም እህል አይቀምስም። አንድ ሰው «ወፍ» ተብሎ ይመረጣል። ሁሉም በየተራ ሄዶ ያየውን የሰማውን በወፏ ጆሮ ያንሾካሹካል፤ ወፏ ደግሞ ማን እንደነገራት ሳትገልጥ የተነገራትን ታወጣለች። ቄስ ቢራራ መስቀላቸውን ይዘው መሐል ቆሙና አወገዙ። «ያየ፣ የሰማ፣ የሠራ ሰው ቢደብቅ፣ በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ በሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ቃል የተለየ ይሁን። ቢሞት አይፈታ።» ሰው ሁሉ «አሜን» አለ፤ አሜኑ ግን ከሌላው ቀን ዝግ ያለ ነበር። እያንዳንዱ የጎረቤቱን አፍ እያየ ነው ያለው።

ወፍ የሚሆን ሰው መምረጥ ላይ ነገሩ ተያዘ። አለምነህ ይሁን ሲባል «አለምነህ ከኔ ጋር የወሰን ክስ አለበት» አለ አገኘሁ። አገኘሁ ይሁን ሲባል «የገዱ አማች አይዶለም እንዴ?» ተባለ። ቄስ ቢራራ ራሳቸው «እኔ የሰማሁትን ማውጣት አይፈቀድልኝም» አሉ። ስም እየተነሣ እየተጣለ ፀሐይ ሽቅብ ወጣች። በመጨረሻ ጠላ ሻጯ ዘቢደር ከሴቶቹ መሐል «ይታያል ይሁና» አለች። «ቢያወጣውስ ማን ያምነዋል?»

ሰው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ አሰበበት። ካሰበበት በኋላ ሁሉም ደስ አለው። አፉን የሚከፍት፣ የሚናገረው ግን የማይያዝበት ሰው፤ ሳር ውሃ ከዚህ የተሻለ ጆሮ ከየት ታመጣለች?

«እኔ አልስማማም።» አያ ገዱ ተነሣ። የመሬት ኮሚቴ ነው፤ በአንድ ትከሻው ጃንጥላ፣ በሌላው በቆዳ ልብስ የታሰረች የኪስ ሬዲዮ የማትለየው፣ ሁለት ጎተራ ያለው ሰው። «ዘንጉን የያዘው እሱ፣ ችካሉን የተከለው እሱ። የነቀለውም እሱ ቢሆንስ? ጅብን ለቅርጫ ዳኛ ታደርጉታላችሁ?»

ግራዝማች ይታያልን ረጅም ጊዜ አዩት። «ገዱ ልክ ነው። ስለዚህ ያምላል። ና ወዲህ አንተ ልጅ።»

ይታያል የአርባ አንድ ዓመት «ልጅ» ነው፤ ቀረበ።

«የሰማኸውን ሁሉ ታወጣለህ። ስለ ራስህ የሰማኸውንም ቢሆን። ማል።»

«በኪዳነ ምሕረት...»

«እሷን ለምደሃታል» አሉ ግራዝማች። «በሚስትህ ሆድ ባለው ማል።»

ይታያል ዞሮ ከሴቶቹ መሐል የሺወርቅን ፈለጋት። እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። «በሱ» አለ። «በሚወለደው።»

ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ጀርባ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር አስቀመጡት፤ ነጠላ አከናነቡት። ወፍ ሆነ።

መጀመሪያ የመጣው ገዱ ነው። ሬዲዮው ጎኑ ላይ እየተንጓጓ ተጠጋና «ዐሥረኛውን ችካል የነቀለው አለምነህ ነው» አለ። «ከማሳው አውጥቶ ከወሰኑ ማዶ ተከላት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወፍ መጠየቅ አይፈቀድላትም። ይታያል ግን አላስቻለውም። «በዚያ ጨለማ አንተ ምን ስትሠራ አየኸው?»

«እኔማ ለጉዳዬ ወጥቼ ነው።»

«ዶማ ይዘህ?»

ገዱ ጃንጥላውን አንሥቶ ሄደ።

ሁለተኛ አለምነህ መጣ። ዐሥራ አንደኛውን የነቀለው ገዱ ነው። አይቷል። ምን ሲሠራ አየ? የጠፋች በግ ሲፈልግ። ሦስተኛ አገኘሁ መጣ፤ ዘቢደርን አየ፣ በቀሚሷ ሸፍና ስትወስድ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ። ዘቢደር ደግሞ መጥታ አገኘሁንም፣ አለምነህንም፣ ሦስት ሌሎችንም ጠራች። «ያን ሌሊት የተኛሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለች። የጣቶቿ ጥፍር ግን ጥቁር አፈር ሞልቶታል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ እኩል ሆነ። ይታያል ነጠላው ውስጥ ላብ አጠመቀው። አርብ ለቅዳሜ ሌሊት ሳር ውሃ ላይ የተኛ ሰው አልነበረም፤ የተኛው ውሻ ብቻ ነው። ሁሉም ዶማ ይዞ ወጥቷል፤ ሁሉም አንድ ችካል፣ የራሱን ማሳ ችካል፣ ነቅሏል፤ ሁሉም ጎረቤቱን አይቷል፤ ሁሉም እሱን ያየው እንደሌለ ያምናል።

ይህም አልነበረም የከነከነው። ሁሉም ሹክሹክታውን ሲጨርስ አንዲት ቃል ይጨምራል። «ምን ያድርግ፣ ችካል ሦስት ሌሊት ካደረበት መሬቱ የመንግሥት ይሆናል ተብሏል።»

«ማን አለ?» ይላል ይታያል።

«ሬዲዮ።»

«ሬዲዮውን የሰማው ማነው?»

«አያ ገዱ ነዋ።»

ይታያል አሁን አስታወሰ። ረቡዕ ማታ፣ ችካሉን ተክለው በጨረሱበት ማታ፣ ዘቢደር ቤት ጠላ ሲጠጣ ሰዎች ከበው ጠየቁት። ያ መነጽር ምን ያያል? ከመሬት በታች አሥር ክንድ ያያል አላቸው። ችካሉስ? ሳያስበው፣ እንዲሁ አፉ ላይ እንደመጣለት፣ «ችካል ሦስት ሌሊት ካደረበት መሬቱ የመንግሥት ነው፤ በአራተኛው ቀን ማረሻህን ብትሰካ ማረሻው ራሱ ይከስሃል» አላቸው። ሰው ስቆ ነበር። ያቺ ውሸት ከጠላ ቤት በእግሯ ወጣች፤ ገዱ ደጅ ደርሳ ሬዲዮ አገኘች፤ ይኸው በበቅሎ ተመለሰች።

የመጨረሻዋ የሺወርቅ ነበረች። እጇን ወገቧ ላይ ደግፋ፣ ካቡን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሽታዋን ሲያውቀው ትንሽ ቀለል አለው፤ ሚስቱ ሌላ ምን ልትለው ነው ብሎ።

«ወፏ፣ አዳምጭ» አለች በጆሮው።

«የሺ...»

«ወፍ አትመልስም። ዘጠነኛውን ችካል ነቅሎ አያ ገዱ በር ላይ የተከለው ባሌ ነው። ሐሙስ ማታ ሳቅ እያፈነው ገባ፤ እግሩን ሳጥበው የገዱ ደጅ አመድ ነበረበት። የሦስት ሌሊቱንም ነገር የፈጠረው እሱ ነው። ረቡዕ ልጠራው ሄጄ ዘቢደር በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ያን ቃሬዛ ሁለተኛ አልወጣበትም። ይኸንንም ንገሪያቸው።»

ተነሥታ ሄደች። ይታያል እንደተከናነበ ቀረ። በሕይወቱ እውነት ይህን ያህል በአንድ ቀን ሰምቶ አያውቅም። የሱ ደግሞ ከሁሉ ትከብዳለች፤ ምሎበታል፣ የማለበትም ነገር አሁን ከፊቱ ተነሥቶ ሄደ።

ነጠላውን ገፎ ወደ ሜዳው ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆመ። ኢንጂነር ደርበውም ከፒክአፑ ወርዶ ከዳር ቆሞ ነበር።

«ወፏ ምን አለች?» አሉ ግራዝማች።

«ዐሥራ ሁለት ችካል ተነቅሏል አለች።»

«እሱን መነጽሩም አይቶታል። ማነው የነቀለው?»

«ዐሥራ ሁለት ሰው።»

ገዱ «ይኸው» አለ። «እኔ ምን አልኋችሁ፤ ተረቱን ጀመረ። ስም ጥራ እንጂ።»

«ስም ልጥራ?» ይታያል የከበበውን ሰው በዓይኑ ዞረው። የጎበኘው ሁሉ ጎንበስ አለ። «የሁሉም ስም ተነግሮኛል። ከማን ልጀምር፣ አያ ገዱ?»

«ኧረ ስም ምን ያደርጋል» አለ አለምነህ ድንገት። «ጾም ነው። በጾም ሰው ማስቀየም ደግ አይደለም።»

«እውነት ነው፣ ጾም ነው» አለ አገኘሁ።

«ሑዳዴም አይደል» አለች ዘቢደር።

ግራዝማች ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። ሽማግሌው የሚያስቡት ስለ ስም አልነበረም። «እሺ፣ ነቅለው የት አደረጉት?» አሉ። «ለምን ወንዝ አልጣሉትም? ለምን የጎረቤት ማሳ ላይ አልተከሉትም?»

«የጎረቤት ማሳ ላይ ቢተክሉ ጠብ ነው» አለ ይታያል። «ወንዝ ቢጥሉ እስር ነው። ከማሳው አውጥቶ የማንም ካልሆነ ቦታ ላይ ተከለው ነው የሚሉት። ሁሉም እንዲሁ ነው ያሉኝ።»

«የማንም ካልሆነ ቦታ» አሉ ግራዝማች ቀስ ብለው። «በሳር ውሃ የማንም ያልሆነ ቦታ አለ?»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ጉብታው መውጣት ጀመሩ። ሰው ሁሉ ተከተላቸው፤ አንዱ ክንዳቸውን ቢይዝ እጁን መቱት። ከላይ ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ጎንደር ማዘንበል ጀምራ፣ የችካሎቹ ጥላ ረዝሞ ነበር። ቀዩ ራስ ከቀዩ ራስ እየተቀባበለ፣ ከጉብታው ወገብ ተነሥቶ፣ ጀርባውን ይዞ፣ እየተልመዘመዘ እስከ መሻገሪያው ወርዷል። የሰከረ ሰው ዱካ አልመሰለም ከላይ ሲያዩት።

ግራዝማች እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩት።

«ይኼ የነጋዴ መንገድ ነው» አሉ።

በከዘራቸው ከችካል ችካል አመለከቱ።

«ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት፣ አባቴ አሞሌ ጭነው ከአዲ አርቃይ ሲወጡ የመጡበት። ሦስት የጭነት በቅሎ ጎን ለጎን ያሳልፍ ነበር፤ እኔ የመጨረሻይቱ በቅሎ ላይ ነበርሁ። ጣሊያን በታች አዲስ መንገድ ሲሠራ ሰው ተወው። መንገዱ ግን እዚሁ ነበር። የት ሄደ?» ዞሩ። «አለምነህ፣ የት ሄደ? አገኘሁ? መንገድ እግር ያወጣል?»

ሁሉም የጫማውን ጫፍ ያይ ነበር። የት እንደሄደ የማያውቅ አልነበረም። አባቶቻቸው በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም ገፍተውታል፤ እነሱም አንድ አንድ ትልም ጨምረዋል። ሰፊው መንገድ እንደ ዳቦ ከሁለት ወገን ተበልቶ አለቀ፤ ገብስ ዘሩበት፤ በመሬት ደብተር አስመዘገቡት። አርብ ሌሊት ግን፣ መሬት ያስወርሳል የተባለውን ችካል ተሸክሞ በጨለማ ሲቆም፣ ሁሉም እጁ ወደ አንድ ቦታ መርቶታል። ይቺ ብትወሰድ ይሁን፤ ድሮም የኔ አልነበረችም። ሰው የገፋትን መሬት ልኳን አይረሳም።

ይታያል ይህን ሲያስተውል የመሳቅ ፈቃዱ መጣበት፤ ዋጠው።

ኢንጂነር ደርበው መነጽሩን አስመጣ። «ዘንግህን ያዝ» አለው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ይታያል ከችካል ችካል ሲሮጥ፣ ኢንጂነሩ ሲያይ ሲጽፍ፣ አገሩ በረሃብ ሆዱን ይዞ ሲጠብቅ ቆየ። በመጨረሻ ደርበው ደብተሩን ዘግቶ ግራዝማች ዘንድ መጣ። የጥርጣሬው ፊት እንዳለ ነው፤ አሁን የሚጠራጠረው ግን ራሱን ይመስላል።

«ይህን የቀየሰው ማነው?»

«በቅሎ» አሉ ግራዝማች።

«አቀበቱ ከኔ መስመር ይለዝባል። እስከ መሻገሪያው ድረስ ውሃም አይሻገርም፤ እኔ ሁለት ትንንሽ ድልድይ አስቤ ነበር።»

«ጨው የጫነ ነጋዴ ውሃ ይወዳል እንዴ?»

ደርበው ሊስቅ ፈልጎ ተወው። «እሺ። ይኼን መስመር እልካለሁ። አንዲቱ ብቻ አልገባችኝም።» ከታች የገዱን ቅጥር አመለከተ። «ሌሎቹ ሁሉ ከጀርባው ላይ ናቸው። ያቺ ዐሥራ አንድ ሜትር ወጥታለች። ማነው የተከላት?»

ይታያል ዞሮ የሺወርቅን አያት። ጉብታው ላይ አልወጣችም፤ ከታች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ላይ ታያለች። ከዚያ ርቀት ዓይኗ አይታይም። እሱን እያየች እንደሆነ ግን አውቋል።

«እኔ ነኝ» አለ። «ዐሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነቅዬ አያ ገዱን ላስደነግጠው በሩ ላይ ተከልሁት። ሦስት ሌሊት ያደረ ችካል ይወርሳል የሚለውንም ከሬዲዮ የሰማው የለም፤ እኔ ነኝ ዘቢደር ቤት የፈጠርሁት። ይኼ ሁሉ የመጣው በኔ ነው። ምያለሁ፤ ይኸው አወጣሁት።»

መጀመሪያ ዘቢደር ሳቀች። አለምነህ ተከተላት። ሰውየው የውሸቱን ዓይነት ለወጠ አሉ፤ እስከ ዛሬ ጀግንነት ይዋሽ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ጥፋት መዋሸት ጀመረ።

ገዱ ግን አልሳቀም፤ ተቆጣ። «እኔ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ረቡዕ ማታ ከዜና በኋላ። ሰውየው ስሙን ሳይቀር ተናግሯል። አንተ የሬዲዮንም ቃል ትሻማለህ?»

«አያ ገዱ፣ እኔ እኮ...»

«ያቺንም ችካል አንተ አልተከልሃትም። እንዲህ ጠብቃ፣ እንዲህ ቀጥ ብላ የቆመች ችካል አንተ ትተክላለህ? የመሐንዲስ እጅ ያስታውቃል። ከሐሙስ ጀምሮ ከብት እንዳይነካት አጥሬላታለሁ።» ወደ ደርበው ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገዱ በደጄ ማለፉ ነው፣ አይዶለም? ለሱቅ እንዲመች ብዬ ነው።»

ሦስት ሌሊቱ ለማሳ እንጂ ለበር እንደማይሠራ ገዱ በራሱ ሕግ አውጥቶ ነበር።

ግራዝማች ይታያልን በጎን አዩት። እሳቸው ምን እንዳመኑ ፊታቸው አልተናገረም። «ወፏ ምላለች፣ ተናግራለች» አሉ። «ማመን የአገሩ ፈንታ ነው። ቄስ ቢራራ፣ ውግዘቱን ይፍቱልን። ሰው ተርቧል።»

ቄስ ቢራራ ፈቱ። ሰው ወደየቤቱ ሲበተን ኢንጂነር ደርበው ከይታያል ጋር መነጽሩን እየፈታ ቀረ። «ያቺ የገዱ በር ችካል ትቆይ» አለው። «መንገድ በጣም ቀጥ ካለ ሾፌር ይተኛል። እዚያ ላይ ትንሽ ጎበጥ አደርገዋለሁ። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ደባርቅ እንዳትቀር።» ጥቂት ቆይቶ ደግሞ «ሌሎቹ የተነቀሉት አርብ ሌሊት ነው፤ ያቺን ግን ገዱ ከሐሙስ ጀምሮ አጥሯታል። እኔ አምኜሃለሁ። ለማንም አልናገርም እንጂ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

የሺወርቅ ከድንጋዩ ተነሥታ ጠበቀችው። ጎን ለጎን ሆነው በገብሱ ቃርሚያ መሐል፣ ከችካል ወደ ችካል፣ የነጋዴውን መንገድ ይዘው ወረዱ። ወዲያ ማዶ ገዱ የበሩን ችካል ለሰዎች እያሳየ ሲናገር ድምፁ ይሰማል፤ ችካሏን መሐንዲሱ ራሱ በመነጽር አይቶ እንደተከላት እስከ ትንሣኤ አገሩ ሁሉ ያምናል።

«ሰማሽኝ?» አለ ይታያል።

«ሰማሁህ።»

«ስንት ዘመን ዋሽቼ አንዲት እውነት ብናገር፣ እሷም አልተዋጠችም።»

የሺወርቅ መተንፈሷ እስኪረጋ አንዲት ችካል ተደግፋ ቆመች፤ ከፊታቸው መሬቱ እስከ መሻገሪያው ለስልሶ ይወርዳል።

«ልጁ ሲያድግ ይኼን እንዳትነግረው» አለች።

«ለምን?»

«አያምንህማ» አለችና መንገዱን ቀጠለች። «እኔ እነግረዋለሁ።»